ከገበያ ያልተገዛ ሳህን

ጭቃ መንካት የጀመርኩት በግምገማ ምክንያት ነው። ሶዶ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር፣ በዚያ በኢሕአዴግ ዘመን፣ መምህር ማስተማሩ ብቻ አይበቃውም ነበር፤ ከአካባቢው ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሠርቶ ማቅረብ አለበት። ካርቶኑን ባልደረቦቼ ተሻምተው ጨረሱት። እኔም እየተነጫነጭኩ ከወንዝ ዳር ጭቃ በፌስታል አምጥቼ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ የላም ጨጓራ ሠራሁ። የሠራሁት ነገር ከጨጓራ ይልቅ የተረገጠ ባርኔጣ ይመስል ነበር። ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በዚያን ጊዜ እንቅልፍ ለእኔ ብርቅ ነበር። ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ስብሰባው ስብሰባ። ሐኪም ክኒን ሰጥቶኝ ነበር፤ አፌን አደረቀው እንጂ ዓይኔን አልከደነውም። ስለዚህ ግምገማው ካለፈ በኋላም ጭቃውን አልተውኩትም። ከሥራ ስመለስ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬ ሳህን እሠራለሁ። ይጣመማል፣ አፈርሰዋለሁ፣ እንደገና እሠራዋለሁ። ማንም አይገመግመኝም።

እናቴ ግን ልታብድ ደረሰች። አባቴ ከሞተ በኋላ እሷ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሦስታችን አንድ ቤት ነበርን።

«የማን ዘር ነሽ አንቺ?» ትለኛለች በወላይትኛ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምጿን ቀንሳ። «ምን ጎደለሽና ነው እጅሽን ጭቃ ውስጥ የምትከቺው? ሰው ምን ይላል?»

ሰው የሚለውን አውቃለሁ፤ ስሰማው ነው ያደግኩት። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ለብቻቸው ናቸው። ድስታቸው ይገዛል፣ ልጃቸው አይታጭም። ድስት የምትሸጥልን ሴት በየገበያው ቀን ደጃችን ትመጣ ነበር። እናቴ ድስቱን በጣቷ አንኳኩታ፣ ድምፁን አዳምጣ፣ መርቃ ትቀበላታለች፤ ድስቱ ምድጃ ላይ ይወጣል፣ ሴትየዋ ከአጥሩ በር አታልፍም። ይህን ለእናቴ ባነሳባት ጸሎት እንደሚያቋርጥባት ሰው ታየኛለች።

በዚህ መሃል እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ አረካ የሚሠራ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፤ እህቴም ወዳዋለች። እናቴ ከማለዳው ጀምሮ ጓሮ ያሰጣኋቸውን ሳህኖች በእንሰት ቅጠል ስትሸፍን ዋለች። ሬሳ የደበቀች ነበር የምትመስለው። ግን በጥድፊያ መሃል እህቴ ዳታውን፣ ያንን የሚያቃጥል በርበሬ፣ ቀድሞ የተተኮሰ የእኔ ሳህን ላይ አድርጋ አቀረበችው።

ሽማግሌዎቹ ሙቹዋውን፣ የእንሰት ምግባችንን፣ በቅቤው አጣጣሙ። ዋናው ሽማግሌ ዳታውን ጠቅሰው፣ ሳህኑን ከፍ አድርገው አዩት።

«ይህ ጥሩ እጅ ነው» አሉ። «ከየት ገዛችሁት?»

«ከገበያ» አለች እናቴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። «እኔ ነኝ የሠራሁት አባባ» አልኩ።

ሽማግሌው ሳህኑን በቀስታ መልሰው አስቀመጡት። የጎረሱትን ዋጡ፤ ሌላ አልጠቀሱም። አሁን ማን ያስረዳኝ? ከሸክላ ሠሪ ገበያ ቢገዛ ይበላበታል፤ አስተማሪ ቤቷ ብትሠራው ጉሮሮ ላይ ይቆማል! ተነስተው፣ «እንግዲህ ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። እህቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

የተመካከሩት ስለ አያት ቅድመ አያቶቻችን ነበር። የማናውቃቸው ሰዎች እናቴ ወደተወለደችበት ቀበሌ ድረስ ሄደው ዘራችንን ሲጠይቁ ከረሙ። በመጨረሻ ተመልሰው መጡ፤ ዘራችን «ንጹሕ» ሆኖ ተገኝቷል፣ እንኳን ደስ ያለን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ «ትልቋ ልጅ ያንን ነገር ትተወው።»

ሁሉም እኔን አዩ። እህቴ፣ «እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር» አለች። ከአፌ ሊወጣ የነበረውን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ዓይኗን ሳየው ቃሌን ሰጠሁ፣ እስከ ሠርጉ ብቻ ብዬ። እስከ ሠርጉ ድረስም ጣሪያ ስቆጥር አደርኩ፤ ቀን ተማሪ ላይ እጮኻለሁ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ ለዚያ የተረገጠ ባርኔጣ ለመሰለ ጨጓራ፣ ስለ «ፈጠራ ሥራዬ» የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። እናቴ ወረቀቱን በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው! ከእሷ ጋር መጨቃጨቅ የሰለቸኝ ያን ቀን ነው።

ከሠርጉ ማግስት ጭቃዬን አመጣሁ። እህቴ ስትጠይቀን ከሳሎን አታልፍም፤ ወደ ጓሮ ዞራም አታይም። እንዲህ እያለች ወለደች።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁን ለእናቴ ሰጥታ፣ ቀጥ ብላ ጓሮ መጣችና አጠገቤ ቆመች። ከስታለች። ከባሏ ጋር አማቷ ቤት እንደሚኖሩ፣ ከልጁ፣ ከእንግዳውና ከምድጃው በቀር የምታየው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው» አለች። ከዚያም በአገጯ ወደ ጭቃው እያመለከተች፣ «ትንሽ ስጪኝ እስቲ።»

የምለው ሞልቶ ነበር። ለዓመት ያህል ያጠራቀምኩትን አንድ ባንድ ልዘረግፈው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁትና ከጭቃው ቆርሼ ሰጠኋት። እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች፤ እኔን ሳታይ ታሸው ጀመር። ትከሻዋ ዝቅ አለ። ከዚያ የሆነ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሰማችና ደነገጠች።

«እትዬ፣ የአጥሩን በር ዝጊው!»

«ራስሽ ዝጊው» አልኳት።

በሩን አየች። እጇን አየች፤ እስከ ክንዷ ጭቃ ሆኗል። አልተነሳችም።