ይሉኝታ ያዳነው ድኩላ

በደርግ ጊዜ ጅባት ጫካ አጠገብ ባለችው ሸነን ከተማ ሳስተምር ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አንዱ የስልጤ ሰው ነው፤ ከገበያው ማዶ ጨርቅ ይሸጣል። መካን በሥዕል እንጂ በዓይኑ አይቷት አያውቅም፣ እኔ ግን ሐጂ እለው ነበር። ሁለተኛው የክሊኒኩ ጤና ረዳት ነው። አገሬው ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አላርምም ብሎ ዝም ነው። ዶክተር ጴንጤ ነው፣ እኔ ደግሞ ማተብ ያሰርኩ የአምቦ ልጅ ነኝ።

ሦስታችን ሽሮውንም ምስሩንም ከአንድ ትሪ ስንጠራርግ ሦስት ዓመት ከርመናል። ሥጋ የመጣ ዕለት ግን ትሪ ይለያል፤ እስላም ያረደውን እኔ አልበላም፣ እኔ የባረክሁትን ሐጂ አይበላም። ዶክተር ብቻ ከዚህም ከዚያም እየዞረ ይጎርሳል። እንዲያውም ጴንጤ የሆነው ለዚሁ ሲል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ሊገባ መሆኑን ነገረን። ታይፎይድ በጣለኝ ጊዜ አጥሚት በማንኪያ እያጠጣ ያተረፈኝ እሱ ነው። እኔ ግን በሥጋ አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳላጎርሰው ሊሄድብኝ ነው። እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ ፍልስፍና መጣልኝ። የቤት በሬ የእስላም ወይ የክርስቲያን ነው፤ የዱር አውሬ ግን የማንም አይደለም። ጅባት ጫካ ገብተን ድኩላ ብንጥል፣ እዚያው ጠብሰን ከአንድ ቅጠል ላይ ብንበላ ማን ይከሰናል? ለሁለቱ ነገርኳቸው፣ ወደዱት። ማን እንደሚያርደው አንዳችንም አላነሳንም። ከመካከላችን የተማርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ጫካው የመንግሥት ነው፣ ማደንም ክልክል ነው። ስለዚህ ጫካውን ከአዳኝ እንዲጠብቅ ጠመንጃ የተሰጠውን ሰውዬ ለመንነው። አባ ቦሶና ነው የምንለው፤ ቦሶና በኦሮምኛ ጫካ ነው። «እኔው ራሴ ካለሁማ ጥበቃው አልተጓደለም» አለና ምንሽሩን አንግቶ ቅዳሜ ጠዋት ወጣን።

መንገዱን ባልናገር ይሻላል። ሐጂ የመሰናበቻ ነው ብሎ ሙሉ ልብስ በቆዳ ጫማ አድርጎ መጥቶ፣ ቁልቁለቱን በአብዛኛው የወረደው በመቀመጫው ነው። እኔ እንዳልወድቅ ያገኘሁትን ቅጠል ብይዝ ሳማ ሆኖ እጄ ተቃጠለ። ዶክተር መድኃኒት አለኝ ብሎ ቦርሳውን ቢከፍት ያመጣው አዋዜ ብቻ ነው።

ቀትር ላይ አባ ቦሶና እጁን አነሳ። አጎነበስን። ከቀርከሃው ሥር አንድ ወንድ ድኩላ ቆሟል። ጠመንጃው ጮኸ፣ ድኩላው ዘፍ አለ። ሮጠን ደረስን፤ ተዘርሮ ይተነፍሳል። ነፍሱ ሳትወጣ መታረድ አለበት፣ ያለዚያ ጥንብ ነው።

ቢላዋው እኔ እጅ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄድኩና ሐጂን አየሁት። እኔ ካረድኩ እሱ አይበላም። የመጣሁት ለምን ሆነና! ተመልሼ እጀታውን ወደ እሱ አዞርኩ።

«ሐጂ፣ አንተ እረድ።»

«ኧረ በአላህ፣ መምህር። አንተ እረድ።»

«በሞቴ።»

«ሞትህን ለጠላትህ ያድርገው። አንተ እያየኸኝ እኔ ሥጋ ይወርድልኛል?»

«እኔማ ሆዴን አሞኛል» ብዬ ዋሸሁ።

«እኔም ሥጋ ተከልክያለሁ፣ እሱን ጠይቀው» አለ ወደ ዶክተር እያመለከተ።

«ማንንም አልከለከልኩም» አለ ዶክተር።

ቢላዋው ከእኔ ወደ ሐጂ፣ ከሐጂ ወደ እኔ ሲመላለስ ቆየ። «አሪፈዳ፣ ቶሎ በሉ እንጂ» አለ አባ ቦሶና። እስቲ አንተ እረድልን ብንለው፣ «ለኔ የተሰጠኝ ጠመንጃ ነው፤ ስለ ቢላዋ መመሪያ አልመጣልኝም» ብሎ ዞር አለ። በመጨረሻ ዶክተር ነገሩን ለእግዚአብሔር እንስጠው አለና ጸሎት ጀመረ። ሐጂም እኔም ለክብሩ ብለን ዓይናችንን ጨፈንን። የዶክተርን ጸሎት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከፍጥረት ተነስቶ፣ በሽተኛውን ሁሉ ጎብኝቶ፣ መንገደኛውን አሳፍሮ ነው አሜን የሚለው። አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ የተጋደመ ሣርና የቀንድ ስባሪ ብቻ አገኘን። ጥይቱ ለካ ቀንዱን መትቶ አደንዝዞት ኖሯል።

«የት ሄደ?» አልኩ።

«ሄደ» አለ አባ ቦሶና፣ ጠመንጃውን እንደተመረኮዘ። «መጀመሪያ ጆሮውን አራገበ። ተነሳ። አየኝ፣ አየሁት፣ ሄደ።»

«ታዲያ አትናገርም?»

«ጸሎት ላይ ናችሁ። ጸሎት ይቋረጣል እንዴ?»

ዶክተር «ልናድነው መጥተን አዳንነው» ብሎ ሳቀ። ሐጂም ሳቀ። እኔ ግን ተናድጄ ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ ከተትኩ። ለድኩላው ብለን ይዘነው የመጣነውን እንጀራ በአዋዜ በላን።

ሐሙስ ዕለት ሐጂን ወደ አምቦ በሚሄደው አውቶቡስ ሸኘሁት። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በመስኮት ብቅ ብሎ ጠራኝና ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋኝ።

«መምህር፣ ያን ቀን ዝም ብለህ ብታርደው ኖሮ እበላልህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትበላለህ ወይ ብለህ መች ጠየቅከኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ መች ጠየቅከኝ?»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ከአቧራው ጋር እየሮጥኩ፣ «እኔም ያንተን እበላ ነበር! እኔም እበላ ነበር!» እያልኩ ጮኽኩ። ሰምቶኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አውቶቡሱ ታጠፈ፣ ዞር ስል የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ምኑን ነው የምትበላው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ሽሮ ነው፣ አባ» አልኳቸው።