«ደህና ነኝ» ማለት ያስጣለኝ ጌታ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ዛሬ ይህን ማይክ የያዝኩት፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብመለስ ልቤ ስለማያርፍ ነው። ቁጭ ብዬ ስለምመሰክር ይቅር በሉኝ። ፓስተራችን «እህት ዘነበች፣ ወንበር ይምጣልሽ?» ሲሉኝ ድሮ ቢሆን «ኧረ ምን ሆኜ!» ብዬ ቀጥ እል ነበር። ዛሬ ግን «አዎ፣ ይምጣልኝ» አልኩ። ሃሌሉያ! አልገባችሁም እንጂ ምስክርነቴ እዚሁ ወንበር ላይ ነው የሚጀምረው። ደግሞ ልጄ ሜሮን የት ቀረች እንዳትሉኝ፣ እሷ ጋ እደርሳለሁ።

እንደምታውቁት እዚሁ ለንደን ውስጥ ለአሥራ ስምንት ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖሬአለሁ። ሜሮንን ብቻዬን ያሳደግኩት በዚያ ሥራ ነው። ከዚያ የመገጣጠሚያ ሕመም መጣ። መጀመሪያ ጣቶቼን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን ያዘኝ። ሐኪሙ «ይህን እንቆጣጠረዋለን እንጂ ጨርሶ አይድንም» ሲለኝ እኔ ምን አልኩ? «በኢየሱስ ስም አልቀበልም!» አልኩ። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም፣ የተስማማሁ መስሎት ፈገግ አለልኝ።

አልቀበልም እያልኩ ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ሜሮን ነበረች። ገላዬን የምታጥበኝ፣ ድስት የምታወርድልኝ፣ እሷው። ልጅቷ ደግሞ የነርስነት ተማሪ ናት። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠችና «እማዬ፣ ትምህርቱን ላቋርጥ ነው። አንቺን እንዲህ ትቼሽ ሆስፒታል ሄጄ የሰው እናት ማስታመም አልቻልኩም» አለችኝ። ወገኖቼ፣ ከጉልበቴ ይልቅ ይህ አመመኝ። ያን ሁሉ አልጋ ያነጠፍኩት ለዚህ ነበር እንዴ?

ያን ጊዜ ነው ሰዎች ስለ ፒፕ የነገሩን። ሥራ ቢኖርህም ባይኖርህም፣ ለረጅም ጊዜ ለታመመና ለአካል ጉዳተኛ መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ ነው። እሱ ከተፈቀደልኝ በቀን ጥቂት ሰዓት የምትረዳኝ ሰው አገኛለሁ፣ ሜሮንም ትምህርቷ ላይ ትቆያለች። አፕላይ አደረግን።

አሁን ጉዴን ስሙ። ፎርሙ «ምግብ ማብሰል ትችያለሽ?» ይላል። «አዎ በይ» እላታለሁ የምትሞላዋን ሜሮንን። «መልበስስ?» «አዎ በይ፣ በእምነት ነው የምመልሰው!» ሜሮን እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ፎርም ነው፣ ጸሎት አይደለም» አለችኝ። ተቆጣኋት። እምነት የለሽም አልኳት፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ቀጥሎ ሁኔታዬን የምትገመግም ሴትዮ ቤቴ ድረስ ትመጣለች ተባለ። እንግዳ ነዋ! የእሑድ ቀሚሴን ለበስኩ። ማስታገሻዬን አስቀድሜ ዋጥኩ። ደወሉ ሲጮኽ ሜሮንን «ዞር በይ» ብዬ ራሴ ከፈትኩ። ሻዩንም ራሴ ቀዳሁ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ። ሴትዮዋ «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ!» አልኳት። ስትወጣም እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘኋት። እንግዳ በር ላይ ይሰናበቷል እንዴ?

ከዚያ ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ደብዳቤው መጣ፤ ዜሮ ነጥብ፣ ድጎማው አይገባትም። «ያለ ድጋፍ ትቆማለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ትራመዳለች» ይላል። ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ያሳየኋትን ነው የጻፈችው። እንደገና ይታይልን ብለን ጻፍን፣ እሱም አልሆነም። ሜሮን ከትምህርት ቤቷ የማቋረጫ ቅጽ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የመጨረሻ ተስፋችን ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ያለ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ነበር። «የእኛ አገር ልጅ ጠበቃ አለች» ብለውኝ ከሜሮን ጋር ስገባ ሂጃብ ያደረገች ወጣት ተነስታ ተቀበለችኝ። ልንገራችሁ፣ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ከአማኝ ሰው አጣህ?» ብያለሁ። አትሳቁ፣ እናንተም ትሉ ነበር!

ሃያት ትባላለች። እዚሁ የተወለደች፣ አባቷ የደሴ ሰው። «እትዬ ዘነበች፣ ፋይልዎን ቼክ አድርጌዋለሁ፣ አፒል እናደርጋለን፣ ይግባኝ እንላለን» አለችኝ። «ግን መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ ዛሬ ይህን ሸሚዝ ማን ቆለፈልዎ?»

ሸሚዜን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ሜሮን መሬት መሬት ታያለች።  «ልጄ፣ እኔ አማኝ ነኝ፣ በሽታዬን በአፌ አላውጅም» አልኳት።

አልሳቀችብኝም፣ አልተከራከረችኝም። «እትዬ፣ ለአምላክዎ ሲጸልዩ ደህና ነኝ ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«ኧረ እሱን! አልቅሼ ነው የምነግረው።»

«እንግዲያው ለእሱ የነገሩትን ለእኔም ይንገሩኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ቅዱሳን! ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ልቤ ላይ የተቀመጠ ቃል ግን ጥቂት ነው። ለካ እምነት ያልኩት ኩራቴን ኖሯል። ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ፣ ተናገርኩም። ክብር ለጌታ ይሁን!

ያቺ ልጅ እንዴት እንደምትሠራ ብታዩ! ጣቴ አልጽፍ ሲለኝ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ውሎዬንና ሕመሜን በስልኬ በድምፄ ቀድቼ እንድልክላት አደረገች። አንዱንም ሳትዘል ሰምታ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። «ትናንት ትንሽ አመመኝ ብለዋል። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? ደረጃውን ስንቴ ቆመው ወጡት?» ትለኛለች። ከሐኪሜ ደብዳቤ አስጻፈች። አንዲትም ቃል እንዳጋንን አልፈቀደችልኝም። «እውነቱ ይበቃናል» ነው የምትለው።

ይግባኙ የታየው በረመዳን ነው። ሃያት ጾማለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ፋይሏን እንደ ታቦት አቅፋ ከጎኔ ተቀመጠች። ከፊታችን ሦስት ሰዎች አሉ፣ መሐል ያለችው ዳኛዋ ናት። በአስተርጓሚ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

አፌ ልማዱ ነው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ሃያት ወደ እኔ አልዞረችም፣ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። ከኋላዬ ሜሮን አለች። ያ የማቋረጫ ቅጽ በቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ ደግሜ፣ «ግን ደህና አይደለሁም። ዛሬ ጫማዬን ያደረገችልኝ ልጄ ናት። ያን ቀን ሻዩን የቀዳሁት እንግዳ ስለመጣብኝ ነው፣ ከዚያ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ።» ከዚያ አላቆምኩም። ጌታ አፌን ከፈተው!

ኮሪደር ላይ ጠብቁ ተባልን። መልሰው ሲጠሩን ዳኛዋ ይግባኝዎን ተቀብለነዋል አለችኝ። እኔ «ሃሌሉያ!» ስል ሃያት «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ላመሰግናት አንገቷን ባቅፍ «እኔ ምን አደረግሁ፣ እርስዎ ነዎት የተናገሩት» አለችኝ። ጸልዩላት። ለእሷና ለእናት አባቷ ጌታ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አልተፈወስኩም ወንድሞቼ። ዛሬም ጣቴ ታጥፏል፣ ፈውሴንም እጠብቃለሁ። ጌታዬን ግን በወንበር ላይም ሆኜ አመሰግነዋለሁ። እዚህ መሐል እንደ እኔ ጥርሱን ነክሶ የቆመ አለ። ጌታን እመኑት፣ እሱ በማያምንም ሰው እጅ ይረዳል። በሩ ላይ እህታችሁ እንዴት ናችሁ ስትላችሁም እውነቱን ንገሯት። እኔም ዛሬ ከዚህ ወንበር አልቸኩልም፣ የፈለገ መጥቶ ይንገረኝ።

ሜሮን ጋ እደርሳለሁ ብያችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት ይህን ሸሚዝ የቆለፈችልኝ በፒፑ ያገኘኋት ረዳቴ ናት። ሜሮን በጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጥታለች፤ ሆስፒታል ልምምድ ላይ ናት፣ የሰው እናት እያስታመመች።