«እሳቸው በይ»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነግሬ ግማሹን ውጬዋለሁ። አሁን የምጽፈው ልቤ ስለቀለለ አይደለም፤ ዛሬም የምጽፈው በሩን ቆልፌ ነው።

ከሚሊኒየሙ በዓል ስድስት ሰባት ዓመት በኋላ፣ ካርቱም ውስጥ ሳጃና ሰፈር፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል የቤተሰብ አማካሪ ነበርኩ። የተማርኩት ሥነ ልቦና ሰው ለብቻው አይታመምም፣ የሚታመመው በሰዎች መካከል ያለው ነገር ነው የሚል ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ሁሉ በክብ አስቀምጣለሁ። ማን አጠፋ ብዬ አልጠይቅም። አንዱን ስለ ሌላው እጠይቃለሁ፦ እናትሽ ሲያዝኑ አባትሽ ምን ያደርጋሉ? አባትሽ ሲቆጡ ወንድምሽ የት ይሄዳል? በዚህ መንገድ ብዙ ቤት ታርቋል። ዛሬ «ትዳር በታኟ» እያሉ የሚያሙኝ ሴቶች ያኔ ደጄን ሲጠኑ የኖሩ ናቸው። አንዳቸውንም አልረሳሁም። ግን የሚያሙኝ በውሸቱ ነው። እውነቱን አያውቁትም።

እውነቱን የምታውቀው ሄለን ናት። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ። ከእንጀራ አባቷ ከአቶ ታምራት ቤት ወጥታ ጀሪፍ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ገብታ ነበር፤ አልመለስም፣ እናቴም ትምጣ አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ላኳቸው። እናትና ልጅ ጀሪፍ ይሂዱ ወይስ ወደ ቤት ይመለሱ፣ እኔ ያልኩት ሊሆን ተስማሙ።

አቶ ታምራት የተከበሩ ሰው ነበሩ። የታሰረ የሚያስፈቱ፣ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ወረቀት የሚያሳድሱ፣ የፖሊስ አዛዡን በስሙ የሚጠሩ። በዚያ ሰሞን ከሻ የሚባለው አፈሳ በርትቶ፣ ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እየለቀሙ ይጭኑ ነበር። የእኔ ኢቃማ ካለፈበት ቆይቷል። ሰውዬው ሲገቡ እጄን ጨብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዶክተር፣ ኢቃማዎ ታደሰ ወይ?» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኝ ተቀመጥኩ።

ሄለንን ጠየቅኳት። እናትሽ ዝም ሲሉ አባትሽ ምን ያደርጋሉ?

እሷ ያየችው እናቷን ነው። «እሱ ይመታታል» አለች። «በሽቦ።»

ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት እንዲህ ያለ መልስ ለመስማት አልነበረም? ሰማሁ። እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ የተከናነበችውን ቶብ ወደ ክንዷ ስትስብ አየሁ። አቶ ታምራትም እኔን ሲያዩኝ አየሁ። እና ምን አልኩ?

«እሳቸው በይ» አልኳት።

አቶ ታምራት ሳቁ። «ይተዋት ዶክተር፣ አማርኛዋ የዓረብ ነው። ዓረብ አንቱታ የት ያውቃል?» እናትየውም አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ግን ስትገባ «እንዴት ነዎት» ብላኛለች፤ ስለ አክስቷ ባል ስታወራም እሳቸው ስትል ሰምቻለሁ። አንቱታ ታውቃለች። የነፈገችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔም ይህን አውቄአለሁ።

«እሳቸው…» አለች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ ግን አልጨመረችም። መምታትን በአንቱታ መናገር አልቻለችም።

ዝምታዋን ተጠቀምኩበት። በዚህ ክብ ውስጥ ጥፋተኛ የለም አልኩ። የእናት ዝምታና የአባት ቁጣ እየተመጋገቡ ነው አልኩ። ቤተሰብ አይከፈልም፣ አብራችሁ ግቡ አልኩ። ሊወጡ ሲነሱ ፓስፖርቴን በገዛ እጄ ለአቶ ታምራት ሰጠሁ። ኢቃማዬ ታደሰ።

ክረምቱ ሳይወጣ የወይዘሮ ዘነቡ ግራ ዓይን ጠፋ። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ነው ተባለ። ሁሉም አመነ፤ እኔም እንዳመነ ሰው ሄጄ ጠየቅኳት። በዚያው ሰሞን ሄለን ደጄ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም።

«አንቺ ሰምተሽኛል» አለችኝ። ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ አንቺ አለችኝ። ላርማት አፌ አልተከፈተም። «ኻላስ»፣ በቃ፣ ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰች የነገረኝ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። መኪና ደጄ ላይ በቆመ ቁጥር ልቤ የሚመታው ለእሷ ነው ወይስ ለእሳቸው? ለይቼ አላውቀውም።

ይህን ሙያ ያስተማረኝን መምህሬን ልወቅስ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ዛሬ በየአዳራሹ የሚጨበጨብለት እሱ ነው፤ ጥፋተኛ አትፈልጊ ያለኝም እሱ ነው። ግን ዱላ ካለ ክቡን አፍርሺ፣ መጀመሪያ ተመቺውን አስወጪ ያለኝም እሱ ራሱ ነው። ያን ቀን ይህን ረስቼው ነበር? አልረሳሁም። ፈርቼ ነበር። የምፈራው ሰው የሰጠኝን ወረቀት ይዤ ስንት ዓመት በሰላም በመንገድ ሄድኩ?

እስከዚህ ድረስ አቶ ታምራት ስል፣ እሳቸው ስል ቆየሁ። ከልማድ አይደለም። ዛሬም እፈራዋለሁ። እሱ መታት። በሽቦ መታት። እሱ ዓይኗን አጠፋው። እኔ ሰምቼ ሰዋስው አረምኩ።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንድ ልጅ ብቻ ናት፣ እሷም ኻላስ ብላለች። እናንተ ግን ስለ እኔ ስታወሩ ሽበቴን አይታችሁ እሳቸው አትበሉ። እሷ በሉ።