የቃሬዛው ገመድ

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የገመድን ውፍረት የሚለኩት በዓይናቸው አልነበረም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ገመዱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አድርገው ወዲያና ወዲህ ያንከባልሉታል። ከዚያ "ይሄ ለቅቤ ቅል ነው፤ ይሄ ለእንስራ፤ ይሄ ለበሬ" ይላሉ። ሲሳሳቱ አላየሁም።

ቤታችን ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። እንሰቱ ተፍቆ ለቆጮ የሚሆነው ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ቃጫ አጥበን እናደርቅና ጭናችን ላይ እየፈተልን ገመድ እናደርገዋለን። ገመዱን እየቋጠርን ደግሞ የቅልና የእንስራ ማንጠልጠያ እንሠራለን። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ከዚህ ሁሉ የማውቀው ቃጫ ማጠብ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁት የእንስራ ማንጠልጠያ ነው። እንዲጠነክር ብዬ በጣም ወፍራሙን ገመድ መረጥኩ። አማቴ ዳሰሱት፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው ሳብ ሲያደርጉት ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ።

"ወፍራም ሁሉ ጠንካራ ይመስልሻል" አሉኝ። "ወፍራም ገመድ እሺ ብሎ አይታጠፍም። ካልታጠፈ ቋጠሮው አይጠብቅም።"

በማግስቱ በቀጭኑ ሠርቼ አመጣሁ። ቋጠሮው አምሮ ነበር። ውስጡ ድንጋይ ጨመሩበትና ከፍ አደረጉት፤ ወዲያው ተበጠሰ።

"መጀመሪያ የሚሸከመውን ነገር አስቢ" አሉ። "ገመዱን ከዚያ በኋላ ትመርጫለሽ።"

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ሥራዬን አመስግነውልኝም አያውቁም።

በጣሊያን ላይ ዘመቻ በታወጀበት ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የመሬታችን ጌታ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለበቅሎ ጭነት የሚሆን ገመድ ሰበሰቡ። ከእኛ ቤት ያልወሰዱት የለም። ግማሽ የተሠራውን ማንጠልጠያ እንኳ ፈተው ወሰዱት። አማቴ ግን አንድ ጥቅል ገመድ ቀድመው ቆጥ ላይ፣ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ሥር ሸሽገው ነበር። ውፍረቱ የሕፃን ጣት ያህላል፤ ይጠብቃል፣ ከባድ ነገርም ይችላል።

"ይሄ ለክፉ ቀን ነው" አሉኝ። "ማንም እንዳይነካው።"

ከጥቂት ቀናት በኋላ ታላቅ ወንድሜ ሊሰናበተኝ መጣ። ለአንድ ዘማች ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ወደ ሰሜን መሄዱ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጭነት የታሰረው በዛፍ ልጥ ነበር። ልጡ ትከሻውን ልጦት ደም ይዟል።

"እህቴ፣ ቤታችሁ የገመድ ቤት ነው ይባላል። ለእኔ የሚሆን ጠፋ?" አለኝ።

አማቴ ጓሮ ነበሩ። ቆጥ ላይ ወጣሁና ጥቅሉን አውርጄ ሰጠሁት። ቆርጬ ግማሹን ማስቀረት እችል ነበር። የዚያን ቀን ግን ትከሻውን ብቻ ነበር የማየው። ለማንም አልተናገርኩም። እጄ ቃጫ ሲገባ ተመሳሳዩን ፈትዬ እመልሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ወንድሜ ሄዶ ቀረ፤ ወሬውም አልተሰማ።

እሱ በሄደ አሥር ቀን ሳይሞላ ባለቤቴ የጎረቤት ቤት ሲከድን ከጣራ ወደቀ። የደቦው ሰዎች ተሸክመው ሲያመጡት ታፋው ተሰብሮ እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ላብ ፊቱን አጥቦታል፤ ግን አይጮኽም። ጎረቤቶች ሁለት አጣና ይዘው መጡና ሶዶ አጠገብ ኦቶና፣ ፈረንጆቹ ሐኪሞች ዘንድ ይወሰድ አሉ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንን ገመድ አምጪና ቃሬዛውን ቋጥሪ።"

ቆጥ ላይ ወጣሁ። ባዶውን ቦታ ዳሰስኩት፤ እንደሌለ እያወቅሁ ዳሰስኩት። ያኔ ወርጄ "ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ" ብል ኖሮ ከጎረቤት የበሬ መጎተቻም ቢሆን ይፈለግ ነበር። አፌ እምቢ አለ። ሰሞኑን ባገኘሁት ጥቂት ቃጫ ለቅቤ ቅል ብዬ የፈተልኩትን ቀጭን ገመድ ይዤ ወረድኩ።

በሁለቱ አጣናዎች መካከል እንደ መረብ ቋጠርኩት። ሁሉንም ልደርበው ብል አይበቃም። ስለዚህ ከትከሻው እስከ ወገቡ ደረብኩ፣ ከወገቡ በታች ያለውን ሳልደርብ ተውኩት። አማቴ መጡና ጎንበስ ብለው የእግሩን በኩል ዳሰሱ።

"ያ ነው?"

"አዎ፣ አዬ" አልኳቸው፤ በእኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። "ስለደረቀ ነው የቀጠነው።"

ጣታቸው ገመዱ ላይ ቆየ። ልጃቸው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አቃሰተ። ቀና አሉና "እንግዲህ ፍጠኑ" አሉ።

አራት ሰዎች ተሸከሙት፤ እኔ ውሃ በቅል ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። እንዲያውም አንገቱን መለስ አድርጎ "ገመድሽ ይቆረቁራል" አለኝ፤ ሊያሳስቀኝ ፈልጎ ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ መንገዱ ቁልቁል ሆነ። የፊተኞቹ ሲወርዱ ክብደቱ ሁሉ ወደ እግሩ በኩል ተንሸራተተ። አንዱ ገመድ ተበጠሰ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ከዚያ ሰዎቹ ሳያስቀምጡት የቀረው ሁሉ ተከታትሎ ሄደ። በተሰበረው ታፋው በኩል ድንጋይ ላይ ወደቀ። ከጣራ ሲወድቅ ያልጮኸው ሰው ያኔ ጮኸ።

ሰዎቹ የለበሱትን ቡልኮ አውልቀው አጣናው ላይ አሰሩና እንደገና አነሱት። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ኦቶና ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ደረስን። እዚያ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉለት። በአራተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ በአስተርጓሚ "ደሙ ውስጥ ውስጡን ፈሶ ነው" አለኝ። ከጣራው ነው ወይስ ከቃሬዛው ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ አልጠየቅሁም።

ለቅሶው ላይ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በሰው መካከል ተነሳና ጠየቀ። "ቃሬዛውን በዚያ ክር የሠራው ማነው?"

አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

"ገመዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ዓይኔ አያይም። ተሳሳትኩ።"

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ስለ ወንድሜ፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ ጥቅሉ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

"ጣቴ ነግሮኛል" አሉ በመጨረሻ። "የቅቤ ቅል ገመድ እንደሆነ አውቄያለሁ። አንቺ ዋሸሽኝ፤ እኔ ደግሞ ልጄ ሲያቃስት ስሰማ ይችላል ብዬ ራሴን ዋሸሁ።"

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?"

"አንቺን ያባርሩሻል። እኔን ማን ያባርረኛል?" እግራቸውን ከእጄ አላቀቁ። "ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።"

አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው ስለ ሥራ ብቻ ሆነ። ቃጫው ደረቀ? ውሃው መጣ? በሩ ተዘጋ? ጣሊያን ሶዶ ገብቶ መንገዱ በወታደር ሲሞላም እኛ በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዳችን ለሌላችን እያበሰልን፣ እንደዚያው ነበርን። ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ እጃቸውን ይዤ ጓሮ አወጣቸው ጀመር። እጃቸውን አይከለክሉኝም፤ ግን አይጨብጡኝም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ወባ ጣላቸው። ሰባት ቀን ከአጠገባቸው አልተለየሁም። ትኩሳቱ በረድ ባለ ቁጥር አንድ ቃል ይሉኛል ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። በመጨረሻው ጠዋት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ውሃ" አሉ።

ደግፌ አጠጣኋቸው። ሁለት ጊዜ ጎንጨት አደረጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ቆመ። ልጃቸው አጠገብ ቀበርናቸው። የባለቤቴ ወንድም ብትፈልጊ እዚሁ ኑሪ አለኝ፤ በቅንነት ነበር ያለው። ሦስት ሳምንት ሞከርኩ፤ እናቱ በእኔ ፈንታ የዋሹትን ይዤ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ከዚያ ልብሴን በጨርቅ ቋጥሬ ወደ ሶዶ ወጣሁ።