ምስክር አይረታም

ባለቤቴ ጌታነህ ባረፈ በአርባኛው ቀን፣ ተዝካሩ ላይ፣ የእህቱ ልጅ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ስለ ደግነቱና ስለ ሥራ ትጋቱ የተናገረውን ሁሉ እያለቀስኩ ሰማሁት። ከዚያ፣ «እትዬ ጥሩወርቅን መጽሐፍ ወዳድ ያደረጓቸው፣ ምን ማንበብ እንዳለባቸውም ሲመርጡላቸው የኖሩት ጋሼ ናቸው» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ማልቀሴን አቆምኩ።

ሐዘንተኛ ነኝና የዚያን ዕለት ምንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ ግን ከዩኒቨርሲቲው የንባብ ክበብ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ እዚህ እንጅባራ ቤቴ ድረስ መጡ። ወንዱ፣ «እማማ፣ ጋሼ የመረጡልዎትን መጻሕፍት ቢነግሩን፣ እኛም ለአንባቢ ጓደኞቻችን እንጠቁም ነበር» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው፤ ቢሆንም ንዴቴ ከተዝካሩ ቀን ባሰ። በሐዘን ድንኳን የሚነገር ውሸት ለሟች ክብር ነው ይባላል። ከድንኳኑ ወጥቶ መንገድ ከጀመረ ግን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ቀስ እያልኩ፣ የሆነውን እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ዳንግላ ነው። አባቴ አያ ቢተው እህል ነጋዴ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ክርክር ግን ከምግብ አስበልጠው ይወዱ ነበር። የራሳቸው ጉዳይ ሳይኖር የሰው ሙግት ለመስማት ብቻ ከችሎት ደጃፍ ይውላሉ። እናቴ ከወደ ዳሞት የመጣች፣ አማርኛ ብቻ የምትናገር ሴት ነበረች። ስለዚህ አባቴ ሲቆጡ በአገውኛ፣ ሲታረቁ በአማርኛ ነበር።

በዚያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ ከጸሎት መጽሐፍ ሌላ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ስልክ ቤት የሚሠራው ጌታነህ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ሙላት፣ አስተማሪዎች፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ይኸው ነበር። መጽሐፍ የሚደርሰን በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ነው። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን መኪናውም መጽሐፉም የሆነ ቦታ ተይዘው ይሰነብታሉ።

አንባቢዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእኛ ቤት የፊት ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ አላቸው። ተረኛው የወደደውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ግን «ጥሩ ነው፣ አንብቡት» በማለት ነገሩ አያልቅም። እንደ ተሟጋች ጋቢውን አጣፍቶ፣ ቆሞ፣ ለመጽሐፉ ይከራከርለታል። ሌላው ተነሥቶ ይሞግተዋል። በማር ይወራረዳሉ። የረታው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በሁሉም ይነበባል፤ የተረታው ዳግመኛ አይነሣም። ዳኛው ደግሞ አባቴ ናቸው። «ለየትኛውም አላዳላም፤ አንዱንም አላነበብኩትም» ይሉ ነበር።

የእኔ ቦታ ከቀርከሃው ክፍልፋይ በስተኋላ ነበር፤ ለእንግዶቹ ድንች እየቀቀልኩ፣ አዋዜ እየበጠበጥኩ። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። የረታው መጽሐፍ እስኪወሰድ እኛ ቤት ስለሚቆይ፣ ከሁሉም ቀድሜ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ። ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የጠየቀኝም የለም።

አንድ ጊዜ፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ከአባቴ እህል የሚጭን ሾፌር ከወንበሩ ሥር አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ የሉም፤ ርእሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። አባቷ ሲሞት ወንድሞቿ ርስቱን ተካፍለው እሷን «ባል አለሽ» ብለው ያሰናብቷታል። እሷም ትከሳለች፤ ዕድሜዋን ስትከራከር ትኖራለች። አንብቤ ስጨርስ እንደ ሕመም አደረገኝ። መጽሐፍ ወድዶ የሚያወሩት ሰው ማጣት ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ለእናቴ ጀመርኩላት። «የነማን ልጅ ናት?» አለችኝ። የለችም፣ በመጽሐፍ የተፈጠረች ናት አልኳት። «ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?» ብላ ሽሮዋን መንፋት ቀጠለች።

ሐምሌ ላይ የጌታነህ ተራ ሲደርስ መጽሐፉን ስልክ ቤት ወስጄ ሰጠሁት።

«አንብበህ ተከራከርለት» አልኩት። «እኔ እንዳመጣሁትም ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

እሑድ ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጌታነህ ተነሥቶ ጀመረ። ስልክ ቤት መጮህ ለምዷልና ድምፁ ከዝናቡ በላይ ይሰማል። ታሪኩን አሳምሮ ተናገረ። መጽሐፉ የማን እንደሆነ ግን ሳይናገር አለፈ። መጨረሻ ላይ ይለው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።

አቶ ሙላት ለመሞገት ተነሡ። «አያ ቢተው፣ ይህ መጽሐፍ ሴት ልጅ ወንድሞቿን እንድትከስ የሚያስተምር ነው። እኔ ቁስል የማጥብ ሰው ነኝ። ቁስል የሚያመረቅዝ ነገር አይነበብ እላለሁ። በማር።»

«በማር» አለ ጌታነህ። «አቶ ሙላት፣ እርስዎ መጨረሻውን አላወቁም። መጨረሻ ላይ እኮ ሽማግሌ ይመጣል። እሷም ይቅር ትላለች። አልቅሰው ይታረቃሉ።»

ክፍሉ ውስጥ የደስታ ማጉረምረም ተሰማ። አባቴም፣ «እርቅ ያለበት ነገር ምን ክፋት አለው?» አሉ። ሊፈርዱ ነው።

ጌታነህ መጽሐፉን እንዳልጨረሰው የዚያን ጊዜ ገባኝ። ከመካከል ትቶ፣ ሴት ከሆነች መቼም ይቅር ትላለች ብሎ ነው የገመተው። ዝም ብል መጽሐፌ ይረታል፤ የምመኘውም እሱን ነበር። ብናገር ሊወድቅ ነው። ግን በሐሰት የረታችው ሴት እኔ የማውቃት ሴት አይደለችም።

«ይቅር አላለችም» አልኩ ከቀርከሃው ኋላ።

«ማነው የተናገረ?» አሉ አባቴ፣ ማን እንደሆነ እያወቁ።

«ጌታነህ፣ ጠበቃህን ድንች ስታስቀቅል ነው እንዴ ያዋልካት?» አሉ አቶ ሙላት። ሰዎቹ ሳቁ።

አባቴ አልሳቁም። «ምስክር ከሆንሽ ውጪ። ተደብቆ አይመሰከርም።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ። «ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አልኩ። «ታበላቸዋለች፤ ታጠጣቸዋለች። ከዚያ መሬቴን ይዛችሁ ስትመጡ ይቅርታው ይደርሳል ትላቸዋለች። ሄደው አይመለሱም። እዚያ ላይ ያልቃል። እንዲነበብ የፈለግሁት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ትናደዱባታላችሁ። ቆይታችሁ ግን ሥራ ላይ ሆናችሁ ታስቧታላችሁ። እኔ ከፋሲካ ጀምሮ እያሰብኳት ነው፤ ልክ ናት ወይስ አይደለችም ብዬ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።»

አቶ ሙላት ተቀመጡና፣ «ማሬን አስረክባለሁ። ይነበብ» አሉ።

«መጽሐፉ ረትቷል» አሉ አባቴ። «ማሩ ለጌታነህ።»

«አባባ፣ መጽሐፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የተከራከርኩለትም እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምስክር ነሽ። ምስክር አይረታም።»

ፍርዱ ሁሉንም ደስ አሰኛቸው። ጌታነህን አየሁት። ጥፍሩን ይመለከት ነበር።

ሲወጣ ከቤቱ ጥግ ጠበቅኩት።

«ለምን ዝም አልክ?»

«አባትሽ ፈርደው እኔ ምን ልበል? ደግሞ እንዲነበብ ነበር የፈለግሽው፤ ይኸው ሊነበብ ነው። ማሩን ላምጣልሽ።»

«ማሩን ብላው» ብዬው ገባሁ።

መጽሐፉ ከዳንግላ አልፎ እስከ ቆሰበርና ጥሊሊ ዞረ። ስም ስላልነበረው ሰዉ «የጌታነህ መጽሐፍ» አለው። በዚያው ጸና።

ታዲያ ለምን አገባሽው የሚለኝ ይኖራል። ያንን መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ «ልክ አይደለችም» ብሎ ሊሞግተኝ የመጣ ሰው እሱ ብቻ ነበር። በየሳምንቱ እየመጣ ይሞግተኝ ነበር። ሽማግሌ የላከውም ሙግቱ ሳያልቅ ነው። ከተጋባን በኋላ መጽሐፍ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። እሱ መጨረሻውን ለመገመት ስለሚቸኩል መምረጥ አይሆንለትም። እንግዳ ሲመጣ ግን የዚያን እሑድ ታሪክ የሚያወራው እሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እኔም በታሪኩ ውስጥ ነበርኩ። እየቆየ ቃሌ አጠረ። ኋላም ጨርሼ ወጣሁና እሱ ብቻውን ተከራክሮ ብቻውን ረታ። «ጌታነህ» ስለው፣ «ያው የአንቺ የእኔ አይደለ?» እያለ ይስቃል። እንግዳ ፊት ባልን ማሳጣት ነውር ነውና እኔም እስቅ ነበር። የእህቱ ልጅ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። በእሱ አልፈርድም። የምፈርደው ጎረምሳ ሆኖ ለአንድ ቃል በሰነፈው ጌታነህ ላይ ነው፤ ሸምግሎም ያችን ቃል ሳይመልስ በሄደው ላይ።

ለተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። «እሱ የመረጠልኝ መጽሐፍ የለም» አልኳቸው። «እኔ የመረጥኩለት ግን ብዙ ነው። እሱን ከፈለጋችሁ ተቀመጡ።» ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቼ ልጅቷን፣ «አንቺስ፣ ሰሞኑን ምን ወደድሽ?» አልኳት።

«እሷ እንኳ የምታነበው...» ብሎ ወንዱ ጀመረ።

«እሷን ነው የጠየቅሁት» አልኩት።

ቀስ ብላ ጀመረች፤ ኋላ ድምፅዋ ከፍ አለ። ስለማላውቀው መጽሐፍ ስለማላውቃት ሴት ነገረችኝ፤ በአንዱ ነገር ስላልተስማማሁ ሞገትኳት፤ እሷም አልለቀቀችኝም። ባጃጅ እንዳያጡ ብዬ ባላስነሣቸው ኖሮ እዚያው በመሸብን ነበር።

ከሸኘኋቸው በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ልጅቷ የተናገረችው ገና በጆሮዬ ነበረና፣ ለጌታነህ ልነግረው ወደ ወንበሩ ዞርኩ። ባለመኖሩም ተቆጣሁት።