ሬሕማን ከነሂናዋ ያሻገራት ወታደር

ሱዳን፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ ንጋቱን የሚያውቅ ሁሉ አገር ቤት ዳቦ ጋጋሪ እንደነበር ነው የሚያውቀው። ያወራው ራሱ ነው። ቀን ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ማታ በግቢያችን በር ላይ ተቀምጦ ስለ ዳቦው ይተርክልናል። እኔ ሉጥፊያ ነገር ካልፈለግኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አንድ ቀን ሊጥ አቡካልኝ ብዬ ዱቄት ብሰጠው ግድግዳ የሚለስን መሰለ። ውሸቱ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሊጡን ተቀብዬ ራሴ ጋገርኩት።

ጦርነቱ መጣ። ጦርነት መጣ ተብሎ ደግሞ ሰርግ አይቀርም፣ በተለይ ሙሽራዋ ሬሕማ ከሆነች። የወሎ ልጅ ናት፣ እልኸኛ። ሙሽራው ሶባ ሰፈር ይጠብቃታል፣ ኒካሁ በማግስቱ ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እንደ ሱዳን ሙሽራ እጅና እግሯን ጥቁር ሂና አስጌጥኳት። እስኪደርቅ ምንም መንካት አትችልም። እያጎረስናት፣ አፍንጫዋን እያከክንላት ስንስቅ ከባድ መሣሪያ ከጎናችን ያለውን ቤት መታው።

«ተኛ!» አለ ሥራ ቆሞበት ግቢ የዋለው ንጋቱ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዳቦ ቤት አይወጣም። ሁላችንም ተዘረርን። ሬሕማም በጀርባዋ ተዘርራ፣ እጅና እግሯን ግን ወደ ላይ እንዳነሳች ነበር። ሞት ደጃችን ቆሞ እኔን ሳቅ አፈነኝ።

«ይሄ ቆርቆሮ አያድነንም» አለ ንጋቱ። «ከሻሪዑ፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ያለው ፎቅ ምድር ቤት አለው። ያላ፣ ተነሱ።»

«ወላሂ አልነሳም» አለች ሬሕማ። «ሂናዬ ይበላሻል። ነገ ሰው ምን ይለኛል?»

«መጀመሪያ ለነገ ድረሺ» አልኳት።

እሱ አልተከራከራትም። እኛን አንድ በአንድ አሻግሮ ተመለሰና ጀርባው ላይ ጫናት። እኔ ከምድር ቤቱ በር ላይ ሆኜ አያለሁ። ሬሕማ እጆቿን በትከሻው ላይ ወደ ፊት ዘርግታ፣ እግሮቿን ከፍ አድርጋ ተንጠልጥላለች፤ ጥይት በመንገዱ ላይ ያፏጫል። መሃል ሲደርሱ ሌላ የመድፍ ጥይት ወደቀ። ንጋቱ መሬት ላይ አስተኝቷት በላይዋ ተደፋ። አቧራው ዋጣቸው።

«ሬሕማ፣ አለሽ?» አለ ንጋቱ ከአቧራው ውስጥ።

«አለሁ! ክንዴን አትጫነኝ!»

እንደገና ተሸክሟት ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄዶ «አለሽ?» ይላል። «አለሁ አልኩህ፣ ጋሽ ንጋቱ።» ደግሞ «አለሽ?» «ኸላስ፣ በቃህ፣ ደነቆርክ እንዴ?»

ምድር ቤቱ ውስጥ ሲያወርዳት የቀኝ እጇ ሂና ከነአበባው ሸሚዙ ላይ ቀርቷል። የእሱ ጆሮ ይደማል። እንደ እብድ ሳቅን፣ እርስ በርስ እየተደገፍን ሳቅን።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ዳቦ የሚጋገረው እንዲህ ነው?» አልኩት።

እሱም ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገ። «ስምንት ዓመት ወታደር ነበርኩ» አለ። «የቆሰለ ጓደኛዬን ተሸክሜ ሌሊቱን ሙሉ ሄጃለሁ። እሱንም እንዲህ እጠይቀው ነበር። መመለስ ያቆመው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። እኔ ግን ተኝቶ ነው ብዬ እስኪነጋ አላወረድኩትም።»

ሳቁ ቆመ። ውጭ መድፉ አላቆመም። ሬሕማ በብብቱ ሥር ገብታ ተጠጋችው፣ ማንም ሳይጠይቃትም «አለሁ» አለችው።