አፎቻው ወደ ሜዳ የወጣ ዕለት

ነሲማ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ልታጠና ከተማው ዳር ወዳለችው ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ የጀጎል ሴቶች ጠመዷት። በዚያ ጠባብ የሰፈር መንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። «ዘላይዋ መጣች» ይላሉ፣ እንድትሰማ አድርገው።

ሱሪ መልበሷንስ ይቅር ባሏት ነበር። ይቅር ያላሏት የአፎቻውን ነገር ነው። ለሠርግም ለሐዘንም በሚሰባሰበው በዚህ የሴቶች ማኅበር ውስጥ፣ ጉልበት የከዳቸውን እናቷን ወክላ የምትገኘው እሷ ናት። አንድ ቀን ከልምምድ በቀጥታ፣ ቱታዋን እንኳ ሳትቀይር ሐዘን ቤት ገባች። የእግሯ ጡንቻ ተኮማትሮባት ነበርና ፊት ለፊት ባገኘችው መደብ ላይ ዘፍ አለች። ለካስ የቤቱ አባወራ ብቻ የሚቀመጥበት ከፍተኛው መደብ ኖሯል!

«አስተግፊሩላህ! አውርዱልኝ ይችን ባለጌ!» አሉ የአፎቻው መሪ አዴ ዘቢባ።

ቂሙ ሳይበርድ የመጨረሻው የተግባር ፈተና ደረሰ። ተማሪው ሁሉ የሰፈሩን ሰው ሜዳ አምጥቶ ስፖርት ማሠራት አለበት። ነሲማ እናቷን እያሰበች ለትልልቅ ሴቶች የሚሆን የጉልበት እንቅስቃሴ መረጠች። ከወደቀች አጎቷ ዐብዱልጀሊል ከትምህርቱ አስወጥቶ ሱቅ ሊያስቀምጣት ምሏል። እፍረቷን ዋጥ አድርጋ አዴ ዘቢባን ለመነቻቸው።

«እኛን በስተርጅና ልታዘልይን? ሂጂና ከፍየል ጋር ዝለይ! ደግሞ የዚያን ቀን አፎቻ አለ፤ ቅሪና ታያለሽ።»

ቀረች።

ሐኪም ተራራ ወገብ ላይ ባለው ሜዳ ብቻዋን ቆመች። ወጣቱ መምህር ደረጀ የሌሎቹን ጨርሶ ወደ እሷ ዞረ።

«የታሉ ሰዎችሽ? ወይስ ድንጋዩን ነው የምታሠሪው?»

ጓደኞቿ ተንከተከቱ። መምህሩ ሊሄድ ሲል ከታች ጫጫታ ተሰማ። የዚያ አፎቻ ደንብ የቀረችውን ሴት ያለችበት ድረስ በጅምላ ሄዶ መውቀስ ነው፤ ዳገት ወጥተው ይመጣሉ ብላ ግን ነሲማ በሕልሟም አላሰበችው። አዴ ዘቢባ ከፊት፣ ሌሎቹ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ከኋላ፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«አንቺ ከንቱ! እናትሽን አዋረድሽ፣ እኛንም...»

«እነዚህ አሮጊቶች ናቸው ተማሪዎችሽ?» ደረጀ ሳቀ። «ድሮም ከአንቺ ምን ይጠበቃል!»

አዴ ዘቢባ ስድባቸውን አቋርጠው ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን አልክ አንተ ልጅ? እሷን መስደብ የእኛ ሥራ ነው። አንተን ማን አፎቻ አስገባህ?» ከዚያም ለነሲማ፣ «ምን ትገተሪያለሽ? ምንድን ነው የሚሠራው? ቶሎ በይ!»

ነሲማ ሜዳው ዳር ባለው የድንጋይ አጥር ላይ አስቀመጠቻቸው። እግራቸውን ቀጥ አድርገው እያነሡ፣ ጥቂት ይዘው እንዲያወርዱ አሳየቻቸው። አዴ ዘቢባ እግራቸውን ባነሡ ቁጥር ይራገማሉ።

«ቀስ ይበሉ አዴ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ።»

«ዝም በይ!» አሉ፤ ግን ተነፈሱ።

«አልፈሻል» አለ ደረጀ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳያይ፣ እንደ መትፋት አድርጎ።

ነሲማ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አዴ ዘቢባ ነጠቋት።

«አልታረቅንም! ነገ ቀሚስሽን ለብሰሽ ትመጫለሽ፤ የምትቀመጪውም በሩ ሥር ነው።»

ሴቶቹ ቁልቁል ወረዱ። መንገዱ ከሚታጠፍበት ሲደርሱ አዴ ዘቢባ ወደ ኋላ ቀርተው ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ፤ ግራ ቀኝ አይተውም አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው አነሡና ያዙት። ቀና ሲሉ ነሲማ ከላይ ታያቸዋለች።

«ምን ታፈጫለሽ!» ብለው ጮኹባት።